የሙሽራዋ ወርቅ የማን ነው? የሂንዱ ሠርግና የእኛ ጥሎሽ በገበያ ዓይን

ሀይሌ ጋርመንት ያለውን የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ የሚያውቅ ነጋዴ የሠርግ ወቅት መግባቱን ለማወቅ የጥሪ ካርድ እስኪደርሰው አይጠብቅም። ሽንኩርቱ ይነግረዋል። ይህ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃንሜዳ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ተሻግሮ እዚህ ከተተከለ ወዲህ በለቡ፣ በጀሞና በላፍቶ የሚደግስ ቤተሰብ ሽንኩርት ለመጫን መሀል ከተማ መውጣት ቀርቶለታል። ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ለሦስት መቶ ሰው የሚሠራ ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱ የሚቆጠረው በኪሎ ሳይሆን በኩንታል ነው።

ለመሆኑ ይህ ፍላጎት በዓመቱ ውስጥ ለምን እኩል አይከፋፈልም? መልሱ ያለው በአጽዋማቱ ላይ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በጾም ሠርግ አይደግስም። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ዋናው የሠርግ ወቅት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን በሩ ይዘጋል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ጾመ ሐዋርያት እስኪገባ እንደገና ይከፈታል። ስለዚህ አዳራሹም፣ ድንኳኑም፣ ሰንጋውም፣ ቪዲዮ ቀራጩም፣ ወርቁም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባንድ ላይ ይፈለጋሉ። አቅርቦት በዚያው ፍጥነት አይጨምርምና ዋጋው የት እንደሚደርስ አንባቢ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለውን የተጨመቀ ወቅት ከእኛ አብልጠው የሚያውቁ ሕንዶች ናቸው። ከአምስት ሕንዳውያን አራቱ ገደማ ሂንዱ ናቸው፤ የሂንዱ ሠርግ የሚደገሰውም ኮከብ ቆጣሪ ‹‹ሙሁርት›› ብሎ ባወጣው መልካም ቀንና ሰዓት ነው። ከሐምሌ አካባቢ ጀምሮ እስከ ኅዳር መግቢያ ድረስ ያሉትን አራት ወራት ‹‹ቻቱርማስ›› ይሏቸዋል። ቪሽኑ የሚሉት አምላካቸው የሚተኛበት ጊዜ ነው ተብሎ ስለሚታመን ብዙ ቤተሰብ በዚያ ወቅት ልጅ አይድርም። በሰሜን ሕንድ ደግሞ ከታኅሣሥ መግቢያ በኋላ ለአንድ ወር እንደገና ይዘጋል፤ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ጥር 6 አካባቢ ሲሆን ይህም ከጥምቀት የሚቀድመው በአምስት ቀን ብቻ ነው። እምነቱ ሌላ፣ ቀን መቁጠሪያው ሌላ፣ የገበያው ጠባይ ግን ያው ነው።

ልዩነቱ እዚያ ወቅቱን ጠብቆ የሚፈለገው ዋናው ሸቀጥ ወርቅ መሆኑ ላይ ነው። የዓለም የወርቅ ምክር ቤት በሕንድ ቤተሰቦች እጅ ያለውን ወርቅ እስከ 25 ሺህ ቶን ይገምተዋል፤ ከአገሪቱ የወርቅ ጌጣጌጥ ሽያጭም ግማሽ ያህሉ ለሙሽሮች የሚገዛ ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ የሩቅ ወሬ መስሎ ሊታየው ይችል ይሆናል። ይሁንና በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን ቀድሞ ከወጪ ንግዳችን የመጀመሪያውን ገቢ አስገኝቷል። የዓለምን የወርቅ ዋጋ ከሚደግፉት ገዢዎች አንዷ የሕንድ ሙሽራ እስከሆነች ድረስ ሠርጓ እኛንም ይነካናል ማለት ነው።

ከእርዱ እስከ እሳቱ

የሂንዱ ሠርግ አንድ ወጥ አይደለም፤ የቤንጋሉ ከታሚሉ፣ የታሚሉ ከጉጅራቱ ይለያል። ለእኛ ቅርቡ የጉጅራቱ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ አገራችን ከመጡት ሕንዳውያን ነጋዴዎች ብዙዎቹ ከዚያ ናቸውና። ከእነሱ ሁሉ ስሙ የገነነው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያን ያባረረው የሞሐመዳሊ ንግድ ቤት ባለቤቶች ግን ሂንዱ ሳይሆኑ ሙስሊም ቦህራዎች ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ደግሞ ሕንዳውያን መምህራን መጡ፤ ሒሳብና ሳይንስ ከእነሱ የተማረ አዛውንት ዛሬም በየሱቁ አለ። ሠርጋቸውን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሂንድ ፊልም ነው። ፊልሙ ደግሞ ጭፈራውን እንጂ ሒሳቡን አያሳይም።

ነገሩ የሚጀምረው እንደ እኛው በዘር ቆጠራ ነው። አንድ ‹‹ጎትራ›› ማለትም የአንድ ጥንታዊ አባት ዘር የሆኑ ሰዎች አይጋቡም። የቀድሞው ሥርዓታቸው በአባት በኩል እስከ ሰባት ትውልድ፣ በእናት በኩል እስከ አምስት ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ወደ አምስትና ሦስት ዝቅ አደረገው። የእኛም ሽማግሌ ሰባት ቤት ሳይቆጥር እሺ አይልም። ከሃይማኖቱ ሌላ ለነገሩ የኢኮኖሚ ምክንያት መፈለግ ይቻላል፦ ዘመድ ከዘመድ ካልተጋባ እያንዳንዱ ሠርግ ከዚህ በፊት የማይተዋወቁ ሁለት ቤቶችን ያስተሳስራል። በሬ ሲጠፋ፣ ገንዘብ ሲቸግር፣ ሩቅ አገር ለንግድ ሲኬድ ማደሪያ የሚሆነው የአማች ቤት ነው።

ሠርጉ ሲቃረብ ሙሽሮቹ በየቤታቸው እርድ ይቀባሉ። እኛ አልጫ የምናቀልምበት፣ ከቴፒ አካባቢ በጆንያ የሚጫነው ያው እርድ እዚያ ገላ የሚያነጻና መልካም ዕድል የሚጠራ ነው። ሙሽራዋ እጇንና እግሯን በሂና ትሳላለች፤ በገጠራችን እንሶስላ የሚሠራው ሥራ መሆኑ ነው። በሥዕሉ መሀል የሙሽራው ስም ተሸሽጎ ይጻፋል፤ ፈልጎ ማግኘት የእሱ ፈንታ ነው።

ሙሽራው በፈረስ፣ አጃቢዎቹ በጭፈራ ሆነው ይመጣሉ። የእኛ ሠርገኛ በር ላይ ተይዞ አትገባም እንደሚባለው ሁሉ እዚያም የሙሽራዋ እህቶች ሙሽራው ለሥርዓቱ ያወለቀውን ጫማ ሰርቀው ይደብቁና ገንዘብ ካልተከፈለን አንሰጥም ይላሉ። ሚዜዎች ያደራድራሉ። ዋጋ ይጠራል፣ ይቀነሳል፣ ይጨመራል፤ የመርካቶ ደላላ ቢያየው የሚያፍርበት ድርድር አይደለም። የሁለቱም ጨዋታ መልእክት አንድ ነው፦ ልጅቷ ቤቷ የተከበረች ናት፣ እንዲሁ ተነስቶ የሚወስዳት የለም።

ስጦታው ራሱ የሚሰጥበት መንገድ ለነጋዴ የሚጥም ነው። ሂንዱ ዘመድ ለሙሽሮች 100 ሩፒ አይሰጥም፤ 101 ይሰጣል። 500 አይሰጥም፤ 501 ይሰጣል። በዜሮ ያለቀ ቁጥር ሒሳቡ የተዘጋ ነው ይላሉ፤ የምትታከለዋ አንዲት ሩፒ ግን ዘር ናት፣ ገና የሚበቅል አለ ማለት ነው። በሰሜን ሕንድ ይህ ስጦታ ‹‹ኔኦታ›› ይባላል። ማን ምን ያህል እንደሰጠ በደብተር ይመዘገባል፤ የሰጪው ልጅ በተራው ሲዳር ያው ገንዘብ ትንሽ ተጨምሮበት ይመለሳል። እኛ ብድር በምድር ብለን በልባችን የምንይዘውን እነሱ በገቢና በወጪ መዝገብ ይይዙታል። ያለ ወለድና ያለ ዋስ የሚሠራ፣ የብድር መመለሻ ቀኑ በልጆች ዕድሜ የሚወሰን የቁጠባ ማኅበር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ይጠብቃል። አባት የልጁን እጅ በሙሽራው እጅ ላይ ያኖራል፤ ይህ ‹‹ካንያዳን›› ይባላል፤ ካንያ ልጃገረድ፣ ዳን ስጦታ ነው። በጥንቱ ሕጋቸው አባት በልጁ ዋጋ መቀበሉ እንደ መሸጥ ተቆጥሮ ይወገዛል። ስጦታ ስጦታ ነው፣ ምላሽ የለውም። ሐሳቡ መልካም ቢመስልም በኋላ ያመጣውን ጣጣ እናየዋለን።

ቀጥሎ እሳት ይነዳል። እሳቱ ምስክር ነው። ሙሽሮቹ ልብሳቸው ተቋጥሮ እሳቱን ይዞራሉ፤ በጉጅራት አራት ጊዜ፣ በሌላው አካባቢ ብዙውን ጊዜ ሰባት ጊዜ። ከዚያ ‹‹ሳፕታፓዲ›› የሚባለውን ሰባት እርምጃ አብረው ይራመዳሉ። የመጀመሪያው እርምጃ ለምግብ፣ ሁለተኛው ለጉልበት፣ ሦስተኛው ለሀብት፣ አራተኛው ለደስታ፣ አምስተኛው ለልጆች፣ ስድስተኛው ወቅቶችን አብሮ ለማሳለፍ ነው። ሰባተኛው ለወዳጅነት ነው። ምግብ ከሀብት መቅደሙን፣ ወዳጅነትም መጨረሻ ላይ መቀመጡን ልብ ይሏል። ሙሽራው የሙሽራዋን የፀጉር ክፍል ቀይ ዱቄት ይቀባል፤ ‹‹ማንጋልሱትራ›› የሚባለውን በጥቁር ጨሌና በወርቅ የተሠራ ሐብል በአንገቷ ያስራል። በብዙ አካባቢ ያገባች ሴት ምልክቷ ይኸው ነው፤ የእኛው ቀለበት የሚሠራውን ይሠራል። የሽማግሌ እግር ነክተው ይመረቃሉ፤ የእኛ ሙሽሮች ጉልበት እንደሚስሙት።

ልጅቷ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ሩዝ በእፍኟ ይዛ ወደ ኋላዋ ትበትናለች፤ ላሳደጋችሁኝ ይህን መለስኩ፣ ቤቱ አይጉደል ማለቷ ነው። በባሏ ቤት ደፍ ላይ ደግሞ ሩዝ የሞላ ማሰሮ ይቀመጥላታል፤ በቀኝ እግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ ታፈሰዋለች። ከአንዱ ቤት ሀብት ሳታጎድል ወጣች፣ ወደ ሌላው ቤት ሀብት ይዛ ገባች። የሒሳብ ሠራተኛ ቢሆን ሁለቱንም ገጽ አመጣጠነች ይል ነበር።

የሕንድ ሕግ እነዚህን ሁሉ እንደ ትርኢት አይቆጥራቸውም። የ1955ቱ ሕግ ሰባቱ እርምጃ በሥርዓታቸው ውስጥ ላለ ሰዎች ጋብቻው የሚጸናው ሰባተኛው እርምጃ ሲረገጥ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥርዓቱን ሳይፈጽሙ የምስክር ወረቀት ብቻ ያወጡ ጥንዶችን ጉዳይ አይቶ ጋብቻ የለም ሲል ወሰነ። ፍርድ ቤቱ በዚያው ትእዛዝ ላይ ሠርግ የዘፈንና የጭፈራ፣ የመብልና የመጠጥ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ የንግድ ልውውጥም እንዳልሆነ አስፍሯል። የገበያ ገጽ ላይ ለምንጽፍ ሰዎች የተጻፈ ይመስላል። ይሁን እንጂ ያው ፍርድ ቤት በዚያው ወር ስለ ሙሽራ ወርቅ ብዙ ገጽ የፈጀ ሌላ ፍርድ መስጠት ግድ ሆኖበታል።

ሰማንያ ዘጠኝ ፓውን ወርቅ

ሂንዱዎች ሴት ልጅ በሠርጓ ጊዜ ከወላጆቿ፣ ከዘመዶቿና ከባሏ ወገን ለራሷ የሚሰጣትን ሀብት ‹‹ስትሪድሃን›› ይሉታል። ስትሪ ሴት፣ ድሃን ሀብት ነው። በእኛ ጆሮ ድሃን የሚል ቃል ሀብት ማለት ነው ሲባል ግራ ቢያጋባም ትርጉሙ ይኸው ነው። ይህ ሀብት የብቻዋ ነው። ባል አይካፈለውም፣ አማት አታዝበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ባል የሚስቱን ስትሪድሃን ቢይዝ እንኳ የያዘው በአደራ ነው፣ አልመልስም ካለ በእምነት ማጉደል በወንጀል ይጠየቃል ብሎ ወስኗል።

ከስትሪድሃን ጎን ለጎን የኖረው ደግሞ ‹‹ዳሄጅ›› ነው፤ ከሴቷ ቤት ለወንዱ ቤት የሚከፈል። ካንያዳን ምላሽ የሌለው ስጦታ ነበር ብለናል። ለሙሽራው በክብር የሚታከልለት ነገር ግን በዘመናት ውስጥ መጀመሪያ ተለመደ፣ ቀጥሎ ተጠየቀ፣ በመጨረሻ ተተመነ። ሐኪም ሙሽራ ይህን ያህል፣ መሐንዲስ ይህን ያህል፣ የመንግሥት ሹም ይህን ያህል መባል መጣ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ዳሄጅን በሕግ ከለከለች። አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1986 ሴት ባገባች በሰባት ዓመት ውስጥ በዳሄጅ ምክንያት እየተሰቃየች ከሞተች ራሱን የቻለ ወንጀል እንዲሆን ተደረገ። ሆኖም በፖሊስ መዝገብ በዚሁ ስም የሚመዘገበው ሞት በቅርብ ዓመታት እንኳ በየዓመቱ ከስድስት ሺህ በላይ ነው። የሠርግ ልማድን ውበት ብቻ እያነሳ የሚጽፍ ሰው ይህን ቁጥር መዝለል የለበትም።

በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ደግሞ ቀጭን ነው። በ2024ቱ ፍርድ የታየው ጉዳይ እንዲህ ነበር። በደቡብ ሕንድ በኬረላ የምትኖር አንዲት ሴት እ.ኤ.አ. በ2003 ስታገባ ቤተሰቧ 89 ፓውን ወርቅ ሰጣት። በዚያ አገር አንድ ፓውን ስምንት ግራም ስለሆነ ይህ 712 ግራም ነው። በሠርጓ ሌሊት ባሏ ወርቁን ተቀብሎ እናቴ ታስቀምጥልሽ ብሎ ለእናቱ ሰጠ። ወርቁ አልተመለሰም፤ ሴትዮዋ እንዳለችው የባሏ ቤት የነበረበት ዕዳ ተከፈለበት። ትዳሩ ፈረሰ። የቤተሰብ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረደላት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወርቁን መውሰዳቸውን አላስረዳችም ብሎ ገለበጠባት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከፍተኛውን ፍርድ ሽሮ ስትሪድሃን የባልና የሚስት የጋራ ሀብት አይደለም፣ ባል በችግር ጊዜ ቢጠቀምበት እንኳ የመመለስ ግዴታ አለበት በማለት ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሩፒ እንዲከፈላት አዘዘ። ከሠርጓ 21 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ እርሳስ ይዞ መቀመጥ ይጠቅማል። በዚያ ወር መጨረሻ ላይ በሕንድ ገበያ አንድ ግራም የ22 ካራት ወርቅ ዋጋው ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ሩፒ ገደማ ነበር። 712 ግራም ሲባዛ ከአራት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ሩፒ በላይ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ አሸንፋም ያገኘችው ከወርቋ ዋጋ ብዙም ከግማሽ አይበልጥም። ወርቅ በየዓመቱ ዋጋው ይሄዳል፤ ክርክር ግን በፋይል ውስጥ ይተኛል።

ሕንዶች ይህ እንዳይሆን እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ቀላል ደንብ አውጥተዋል። በሠርጉ ጊዜ ለሙሽራዋና ለሙሽራው የተሰጠው ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይዘረዘራል፤ የዕቃው ዓይነት፣ ግምቱ፣ የሰጪው ስምና ዝምድናው ይሰፍራል፤ ሙሽሮቹ ይፈርሙበታል። ብዙ ቤተሰብ ግን ይህን አያደርግም። በደስታ ቀን ስለ ክርክር ወረቀት መፈረም ሟርት ይመስላቸዋል። የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ደግሞ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ፍተሻ ሲካሄድ ያገባች ሴት እስከ 500 ግራም፣ ያላገባች እስከ 250 ግራም፣ ወንድ እስከ 100 ግራም ጌጥ ቢገኝበት እንዳይወረስ አዟል። ቀረጥ ሰብሳቢው እንኳ የሙሽራ ወርቅ የማን እንደሆነ በግራም ለይቶ ያውቃል ማለት ነው።

ሻንጣው ተከፈተ፣ ዝርዝሩስ?

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ሠርግ የሀብት መንገድ ሦስትና አራት ነው። በብዙ የኦሮሞ አካባቢ ጋባራ ከወንዱ ቤት ለሴቷ ቤተሰብ ይሄዳል። በሙስሊሙ ዘንድ መህር ለሙሽራዋ ለራሷ ይሰጣል፤ መጠኑም በኒካሁ ጊዜ ተጠርቶ በውል ይታሰራል። ከሁሉ የጠራው ይህ ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ ማን፣ ለማን፣ ስንት የሚለው ሁሉ ተመልሷል። በአማራው ገጠር ሁለቱ ወላጆች ማጫ ይነጋገራሉ፤ አንዱ በሬ ሲል ሌላው በሬ፣ አንዱ ላም ሲል ሌላው ላም። በሰማንያ ጋብቻ ሥርዓት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ የሁለቱም ወገን ሀብት ይቆጠር ነበር። ቢፋቱ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አያቶቻችን በደስታ ቀን ስለ ክርክር መነጋገር አላስፈራቸውም።

አዲስ አበባ ላይ የቀረልን ጥሎሽ ነው። ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ለሙሽራዋ ይመጣል። ሻንጣው በዘመድ ፊት ይከፈታል፤ ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ሽቶው፣ ካባው፣ በመጨረሻም ወርቁ አንድ ባንድ ከፍ ተደርጎ ይታያል፤ እልል ይባላል። የጥሎሹ ትርጉም ግልጽ ነው፦ ልጃችሁን ማኖር እችላለሁ ብሎ ሙሽራው በዕቃ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ኢኮኖሚስቶች ምልክት መስጠት የሚሉት ይህን ነው፤ ምልክት ደግሞ የሚታመነው ውድ ሲሆን ብቻ ነው። አንዳንዱ ወርቅ ከዘመድ ተውሶ ማሳየቱ፣ አንዳንዱም አርቴ መደባለቁ የሚያስቆጣው ለዚህ ነው።

ምልክቱ ውድ መሆኑስ አልቀረም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ አንድ ወቄት ወርቅ በዓለም ገበያ 2,400 ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ ስሌት አንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ 4,400 ብር ይሆናል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ወቄቱ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ 4,000 ዶላርን አለፈ፤ ዶላሩን ዝቅ አድርገን በ140 ብር ብንይዘው እንኳ ግራሙ 18 ሺህ ብር ነው። 40 ግራም ባለ 18 ካራት ጥሎሽ በውስጡ 30 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው። የሠሪው እጅ ዋጋና ትርፍ ሳይጨመር በአሥራ አራት ወር ውስጥ ከ132 ሺህ ወደ 540 ሺህ ብር ወጣ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተዳረች ሙሽራ በአንገቷ ላይ ያለው ነገር ሳታውቀው የንግድ ካፒታል ሆኗል።

ካፒታል ሲሆን ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ይቀበላል። ስለ ንብረት ሲናገር በአንቀጽ 57 ላይ ተጋቢዎች በጋብቻቸው ቀን በእጃቸው የነበረና በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ለግላቸው ያገኙት ሀብት የግል ይሆናል ይላል። ስለዚህ ለሙሽራዋ ተብሎ የተሰጠ ጥሎሽ የእሷ ነው። እስከዚህ ከስትሪድሃን ጋር እንስማማለን። በአንቀጽ 62 መሠረት ግን ለሁለቱም በጋራ የተሰጠ ስጦታ፣ ሰጪው ሌላ ነገር ካልተናገረ በቀር፣ የጋራ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ የባል ወይም የሚስት የግል መሆኑ ያልተረጋገጠ ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል።

ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ችግሩ የት እንዳለ ያያል። የጥሎሹ ወርቅ ለሙሽራዋ ብቻ መሰጠቱን የሚያስረዳ ካልተገኘ ሚዛኑ ወደ ጋራው ያደላል። በመልሱና በቅልቅሉ ከሁለቱም ወገን የሚሰጠው ወርቅማ ለማን እንደተሰጠ የሚናገርም የለም፤ ለሙሽሮቹ ተብሎ ያልፋል። ነገሩ የሚነሳው በፍቺ ጊዜ ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። ባል ነጋዴ ነው፣ ንግዱ ከሰረ እንበል። በሕጉ መሠረት አበዳሪው መጀመሪያ የባለ ዕዳውን የግል ሀብት፣ ያ ካልበቃ የጋራውን ይጠይቃል። ያልተለየ ወርቅ እዚያ ውስጥ አለ። ባል ቢሞትም የእሱ ወራሾች ከጋራው ድርሻ አለን ይላሉ። በየንግዱ ሰፈር ሲቸግር መጀመሪያ የሚሸጠው የሚስት ወርቅ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ብዙ ሱቅ የተከፈተውም የተረፈውም በዚያ ነው። እንደ ብድር ተቆጥሮ የተመለሰላት ግን ስንቷ ናት?

መፍትሔው አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። ሕጉ ተጋቢዎች ከጋብቻቸው በፊት ወይም በጋብቻቸው ዕለት የንብረት ውል እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ከባል ወገን ሁለት፣ ከሚስት ወገን ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ይፈርሙበታል። አራት ምስክር ከሠርግ ቤት አይጠፋም፤ ሚዜዎቹ እዚያው ከረባት አስረው ቆመዋል። የሚከብደው መጀመሪያ ማን ይናገር የሚለው ነው። የሴቷ አባት ቢያነሳው ስስታም ይባላል፣ ሙሽራው ቢያነሳው ገና ሳያገባ ስለ መፋታት ያስባል ይባላል። ሽምግልናው ሲካሄድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቢያነሳው ግን የሚከፋ ሰው አይኖርም፤ የቀድሞ ሽማግሌ ሥራው ይኸው ነበርና። ዛሬ ሽማግሌ የሚላከው አዎን ለማስባል ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ለጊዜው ውል የሌለው ቤተሰብ በእጁ ያለው ሁለት ማስረጃ ነው። አንዱ የወርቅ ቤቱ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ የሚቆረጠው በገዢው በሙሽራው ስም ስለሆነ ማን እንደከፈለ እንጂ ለማን እንደተሰጠ አይናገርም፤ እንዲያውም ለእሱ ሊመሰክርለት ይችላል። ወርቅ ቤቱ በደረሰኙ ላይ ወይም በጀርባው የሙሽራዋን ስም፣ ግራሙንና ካራቱን ጨምሮ እንዲጽፍ መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም። ሌላው ማስረጃ የሠርግ ቪዲዮው ነው። ሻንጣው ሲከፈት፣ ሐብሉ ከፍ ተደርጎ ሲታይና በሙሽራዋ አንገት ሲታሰር ካሜራው ቀርጾታል። ለማን እንደተሰጠ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ስንት ግራም እንደሆነ ግን ካሜራም አይመዝንም።